በሚገምተው ቤት ውሃ የማይጠጣ ሰው

ጋሽ ተስፋይ በተቀበረ በማግስቱ ቢሮ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ኢምባካሲ ሰፈር መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው፣ የአገራችን ሰው። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ሪፖርቴስ የት ደረሰ?» አለኝ። ጋሽ ተስፋይ ማረፉን ነገርኩት። «ውይ! ነፍስ ይማር» አለ። ወዲያው ደግሞ «ታዲያ ማን ይፈርምልኛል?» ሲል ጠየቀኝ።

ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ነበር፤ ተውኩት። ናይሮቢ ለሐዘን ጊዜ የምትሰጥ ከተማ አይደለችም፤ ለቀስተኛውም ቢሆን አንድ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። ጋሽ ተስፋይ ራሱ ቢሰማ ሰውየውን የሚቀየመው አይመስለኝም። «ጥያቄው ልክ ነው፤ ፈራሚ የሌለው ግምት ወሬ ነው» ብሎ ይስቅ ነበር። እኔ ግን ተቀይሜዋለሁ። የሞተው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የማያውቅ ሁሉ በዚያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር። ይህንንም የምጽፈው በከፊል ለዚያ ነው።

ጋሽ ተስፋይ ንብረት ገማች ነበር። ቤት፣ ሕንፃ ወይም ባዶ መሬት አይቶ «ዛሬ ቢሸጥ ይህን ያህል ያወጣል» ብሎ የሚጽፍና ለጻፈው ነገር በፊርማው የሚቆም ሰው ማለት ነው። ባንክ ከማበደሩ በፊት፣ ወራሾች ከመካፈላቸው በፊት፣ ባልና ሚስት ከመለያየታቸው በፊት ገማች ይጠራል። «እኛና መቃብር ቆፋሪዎች አንድ ነን» ይል ነበር፤ «ደስ ብሎት የሚጠራን የለም።»

ተወልዶ ያደገው አስመራ ነው። ጎልማሳነቱን አዲስ አበባ ያሳለፈ በመሆኑ አማርኛው የአራዳ ልጅ አማርኛ ነበር፤ ሲናደድና ሲያዝን ብቻ ትግርኛው ብቅ ይላል። ናይሮቢ ሲገባ የአዲስ አበባው የትምህርት ማስረጃ አልሠራ ስላለው፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር እንደገና ክፍል ተቀምጦ ተምሮ ነው ፈቃዱን ያገኘው። ሚስቱ አስመራ ቀርታ እዚያው አርፋለች። ልጅ አልነበራቸውም። የራሱ ቤትም አልነበረውም። ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ከአንድ ግቢ ጀርባ ባለች ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ኖረ። የራሱን ቤት ለምን እንዳልሠራ ሲጠይቁት «ጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርስ አይነቅልም» ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ያወቅሁት ሥራ ፍለጋ ቢሮው ስገባ ነው። መሃል ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት ቀን የሚበዛ ሕንፃ። ሪፖርት እተይባለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ቤት ስንለካ የሜትሩን ሌላ ጫፍ እይዛለሁ። መጀመሪያ ላይ አንቱ ስለው «ተይ፣ ጓለይ» አለኝ። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፤ እሱ ዘንድ ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልነበረኝም። «አንቱ የተባለ ሰው ጣሪያ ላይ አይወጣም። እኔ ገና እወጣለሁ።» እውነቱን ነበር፤ ይወጣ ነበር፤ እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ ስማልድ።

አንድ ቤት ሊገምት ሲሄድ ዘሎ አይገባም። በሩ ላይ ቆሞ ጎረቤቱን ያያል፣ መንገዱን ያያል፣ የፍሳሹን ቦይ ጎንበስ ብሎ ያያል። ከዚያ ከዘበኛው ጋር ወሬ ይጀምራል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በዝናብ ጊዜ መኪና የት እንደሚቆም፣ ማታ ማታ የሚረብሽ ጭፈራ ቤት መኖር አለመኖሩን የሚጠይቀው ዘበኛውን ነው፤ በስዋሂሊ አስካሪ ይባላል። «አስካሪው ከባለቤቱ ይልቅ እውነት ይናገራል፤ የሚሸጠው ነገር የለውማ» ይለኛል። ከገባ በኋላ ያሸታል። ቀልዴን አይደለም፤ አፍንጫውን አሹሎ ክፍል ለክፍል ያሸታል። እርጥበት የበላውን ግድግዳ አዲስ ቀለም አይደብቅበትም። ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፣ ሽንት ቤቱን ውሃ ይለቅበታል፣ ቁም ሳጥን ከግድግዳ ያስነሳል። ባለቤቶቹ እንዴት እንደሚጠሉት! እኔም አንዳንዴ አፍር ነበር።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሽ ተስፋይ በሚገምተው ቤት ውሃ አይጠጣም። ሻይ የለ፣ ምሳ የለ፣ ቆሎ እንኳ አይዘግንም። ለፈረንጅ ወይም ለኬንያዊ ይህ ምንም አይደለም። ለኛ ሰው ግን ቤቱ ገብተህ እህል አልቀምስም ማለት ስድብ ነው፤ «መርዝ መሰልኩት እንዴ?» ያሰኛል። አንድ ጊዜ አንዲት የሳውዝ ሲ ባለ ሱቅ ጠረጴዛ ሙሉ አሰናድታ ጠበቀችን። ዶሮው አለ፣ ዓይቡ አለ። ጋሽ ተስፋይ ደንግጦ «ጾም ላይ ነኝ» አለ። ሴትየዋ ወገቧን ይዛ «በበዓለ ሃምሳ የምን ጾም ነው የሚጾሙት?» አለችው። ከፋሲካ ወዲህ ያሉት ሃምሳ ቀናት ፍስክ እንደሆኑ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ፊቱ ቲማቲም መስሎ «የግሌ ነው» ብሎ ወደ ጓዳ መለካቱን ቀጠለ። እኔ ዶሮውን እያየሁ ሜትር ያዝኩ።

በማታቱ፣ በናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ ስንመለስ አኮረፍኩት። ሳቀና፣ ወዲያው ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ጓለይ፣ የበላሁበትን ቤት ስገምት እጄ ይከብዳል» አለኝ። «ወጡ ከጣመኝ የጠመመው ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይታየኛል። ሰው ነኝ። ደግሞ የኛ ሰው ገማች የሚመርጠው እንዴት ነው? የአገሬ ልጅ ነው፣ ክርስትና አንስቶልኛል፣ ቤቴ በልቷል እያለ። የበላ ገማች ደግሞ ይበላል እንጂ አይገምትም።»

ሌሎች ገማቾች የጻፉትን ሪፖርት ይዘው «ይህን እይልን» የሚሉትም ብዙ ነበሩ። ማየት ያስተማረኝ በዚያ ነው። መጀመሪያ የሚያደርገው የመጨረሻውን ገጽ በመዳፉ መሸፈን ነው። ቁጥሩ ያለው እዚያ ነው። «ቁጥሩን መጨረሻ አንብቢ። ቁጥሩን ያየ ዓይን ሌላውን አያይም» ይለኛል። ማን አዘዘው? ለምን ጉዳይ? ገማቹ ራሱ ሄዶ አይቶታል ወይስ መኪና ውስጥ ሆኖ ፎቶ አንስቶ ነው? ከየትኞቹ ቤቶች ጋር አነጻጸረው? እነዚያስ የተሸጡ ናቸው ወይስ ገና ሻጭ እየጮኸባቸው ያሉ? «የተጠየቀ ዋጋ ምኞት ነው፤ የተከፈለ ዋጋ ምስክር ነው» የሚላት ነገር ነበረችው፤ ደንበኞች ፊት ሲላት አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያደርጋል።

አንዴ አንድ ምግብ ቤት ያላቸው ሰው፣ አቶ መኮንን፣ ሊገዙት ያሰቡትን ሕንፃ ሪፖርት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ያብረቀርቃል፣ ጥራዙ የሠርግ አልበም ያስንቃል። ጋሽ ተስፋይ ፎቶዎቹን አገላበጠና «ገማቹ ቦታውን ያየሁት በግንቦት ነው ይላል» አለ። «አዎ» አሉ አቶ መኮንን። «ግንቦት ላይ ናይሮቢ ውስጥ ጃካራንዳ ያብባል?» ብሎ ጠየቃቸው። ፎቶው ላይ ከሕንፃው ደጃፍ ያለችው ዛፍ ሐምራዊ አበባዋን ዘርግፋለች። የሚያብበው ደግሞ ከመስከረም በኋላ ነው። ገማቹ ሻጩ የሰጠውን አሮጌ ፎቶ ለጥፎ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ መኮንን ጋሽ ተስፋይን የሚያመልኩት እስኪመስል ድረስ በየሰዉ ፊት ያወድሱት ነበር። የበርሄን ቤት ጉዳይ ወደ እሱ ያመጡትም እሳቸው ናቸው፤ ምነው ባላመጡት።

አቶ በርሄ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበሩ፤ የጋሽ ተስፋይ የልብ ጓደኛ። ለዓመታት እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ተስፋይ ምሳ የሚበላው ሳውዝ ሲ እነ በርሄ ቤት ነው። ከአንገትጌው ላይ የተቆረጠ ቁልፍ የምትተክልለት የበርሄ ሚስት ለተብርሃን ናት፤ ለኔ እንኳ እትዬ ለተብርሃን ናቸው፤ ሲያማው አጥሚት የሚልኩለት እሳቸው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። በርሄ ከመጀመሪያ ሚስታቸው ሁለት ወንድ ልጆች ነበሯቸው፤ ናይሮቢ ያደጉ። በርሄ በድንገት ሲሞቱ ቤቱ የሦስቱ ሆነ፤ ግማሹ የእትዬ ለተብርሃን፣ ግማሹ የልጆቹ።

እትዬ ለተብርሃን ከዚያ ቤት መውጣት አልፈለጉም። ሌላ የሚሄዱበት ቦታ አልነበራቸውም፤ የሚፈልጉትም የልጆቹን ድርሻ ከፍለው፣ ሁለት ክፍል አከራይተው፣ ባላቸው የተከሏት አቮካዶ ሥር ማርጀት ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ተሰየሙ፤ ሰብሳቢው አቶ መኮንን ሆኑ። ቤቱ ይገመት፣ የግማሹን ዋጋ እሳቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ለልጆቹ ይክፈሉ ተባለ። ገማቹ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወገን በአንድ አፍ «ጋሽ ተስፋይ» አለ።

ጋሽ ተስፋይ እምቢ አለ። «የበላሁበት ቤት ነው። ሌላ ሰው ፈልጉ» አላቸው።

«በልተህ የማታዳላ አንተ ብቻ ነህ» አሉት አቶ መኮንን።

«እንደሱ ያለ ሰው የለም።»

ትልቁ ልጅ ዮናስም ቢሮ ድረስ መጣ። የተንከረፈፈ አልነበረም፤ ጨዋ ልጅ ነው። «አንክል፣ እኛ የምንፈልገው ፌር የሆነ ነገር ብቻ ነው። ማዘር እዚያው ቢቆዩ ደስ ይለናል። ግን የኔም ልጆች ስኩል ፊስ አለባቸው። ፕሊስ፣ ካንተ ውጪ ማንንም ትረስት አናደርግም» አለው። ጋሽ ተስፋይ መሬት መሬት እያየ ተሸነፈ።

ሄድን። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን በር እንደ እንግዳ ውጭ ቆሞ አየው። እትዬ ለተብርሃን ጥቁር ለብሰው በር ከፈቱልን። አርባው ገና አላለፈም ነበር። ሲመጣ እንደለመደው ሻይ አቀረቡለት። ጋሽ ተስፋይ ብርጭቆውን አላነሳም።

«የበርሄን ቤት ሻይ ነው የምትመልሰው?» አሉት።

«ለተብርሃን፣ ዛሬ ለሥራ ነው የመጣሁት።»

«እሺ» አሉ፤ ብርጭቆውን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ አልወጡም። እኔና እሱ ያንን ቤት ለካነው። ግድግዳ ሲያንኳኳ የበርሄ ፎቶ ተንቀሳቀሰ፤ በሁለት እጁ ያዘው።

ሪፖርቱን እኔ ነኝ የተየብኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የተጣራ ሥራ አላየሁም። የተነጻጸሩት ቤቶች ሁሉም የተሸጡ፣ ሁሉንም ራሱ ሄዶ ያያቸው፤ የጣሪያው ዝገትም፣ የአቮካዶው ሥር መሠረቱን መግፋቱም ተጽፏል። ውስጡ ደግሞ አንድ አንቀጽ ነበረች። ይህ ዋጋ የዛሬ ብቻ ነው፤ ማንም ሳያስገድደው፣ ሳይቸኩል፣ በቂ ጊዜ ወስዶ የሚሸጥ ሰው እንደሱ ካለ ገዢ ጋር የሚስማማበት ነው፤ ቤቱ በጥድፊያ ቢሸጥ ግን በጣም ዝቅ ይላል፤ ትላለች። በየሪፖርቱ የምትገባ አንቀጽ ናት። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ጌጥ ትመስላለች።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት ከአቶ መኮንን ምግብ ቤት ጓሮ ነው። ጋሽ ተስፋይ ሪፖርቱን ሰጣቸው። አቶ መኮንን ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው፣ የጃካራንዳዋን ትምህርት የተማሩት ሰውዬ፣ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ገለበጡ። ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ። «በል፣ የዚህ ግማሽ» አሉ። ልጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ለተብርሃን «ተስፋይ ካለው ይሁን» አሉ። የቁጥሩ ግማሽ ስምምነቱ ላይ፣ ቤቱ ምንም ያህል ቢያወጣ የማይቀነስ፣ ቁርጥ ያለ ዕዳ ሆኖ ሰፈረ።

እኔ ጋሽ ተስፋይን እያየሁት ነበር። አቶ መኮንን ገጹን ሲገለብጡ መዳፉ ከጉልበቱ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ሊሸፍነው የፈለገ ይመስል። አፉንም ከፈተ። ከዚያ እትዬ ለተብርሃንን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ እጁን ወደ ጉልበቱ መለሰ። ምንም አልተናገረም።

በኋላ ለምን ዝም እንዳለ ነግሮኛል። «ቤቱ ቢሸጥ በተሸጠበት ዋጋ ተካፈሉ በሉ፣ ቁርጥ አታድርጉት ልላቸው ነበር። ግን እንደዚያ ብል ለሷ አዳላ ይሉኛል አልኩ። በልቶባት አይደል ይሉኛል አልኩ። ገማች አይመክርም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ጓለይ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ውሃ ያልጠጣሁት አፌ ነጻ እንዲሆን ነበር። በሚያስፈልገኝ ቀን ዘጋሁት።»

ዓመቱ እንደ ውሃ አለፈ። እትዬ ለተብርሃን ድርሻውን ለመክፈል ብድር የጠየቁት የቁጠባ ማኅበር የራሱን ገማች ላከ፤ እነሱ የሚያበድሩት ቤቱ በጥድፊያ ቢሸጥ በሚያወጣው ላይ ስለሆነ ብድሩ ለድርሻው አልበቃም። ከጎን ያለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ ረጅም ፎቅ ተጀመረ፤ የግቢው ፀሐይ ጠፋ፣ ፍሳሹ ወደ እትዬ ለተብርሃን አጥር መምጣት ጀመረ። ሊከራዩ የመጡት ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ተመለሱ። ጊዜው ሲደርስ ልጆቹም ዕዳ ነበረባቸው፤ ቤቱ በችኮላ ተሸጠ። የወጣው ዋጋ ጋሽ ተስፋይ ከጻፈው እጅግ ያነሰ ነው። የልጆቹ ድርሻ ግን በስምምነቱ መሠረት አልተነካም። ጉድለቱ በሙሉ እትዬ ለተብርሃን ላይ ወደቀ። ከዚያ ሁሉ ቤት የተረፋቸው ኢምባካሲ አንድ ክፍል የሚከራዩበት ገንዘብ ብቻ ነው። ገዢው ሲገባ መጀመሪያ የቆረጠው አቮካዶውን ነው።

ማንም አልበደለም። ይህ ነው የሚያቃጥለው። ልጆቹ የተፈረመላቸውን ወሰዱ፣ ሽማግሌዎቹ በቅን ልቦና አስታረቁ፣ ሪፖርቱ ከላይ እስከ ታች እውነት ነበር። አቶ መኮንን እስከ ዛሬ «ገበያው ነው እንጂ ምን እናድርግ» ይላሉ። ጋሽ ተስፋይ ብቻ ነው ገበያው ነው ያላለው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ለማንም ሪፖርት በፖስታ አይሰጥም። ደንበኛውን ያስቀምጥና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ለኛ ሰው በአማርኛ ወይም በትግርኛ እየተረጎመ፤ ለሌላውም በስዋሂሊ። «ይህች ምን ማለት ናት? በራስህ አፍ ንገረኝ» ይላል። ካልነገሩት አይፈርምም። ሰዉ ተማረረ። «ሽማግሌው ጃጀ» አሉ። ሰው ስልኩን እያየ፣ እግሩን እያወዛወዘ፣ ጋሽ ተስፋይ «ሳይገደድ የሚሸጥ» የምትለዋን ቃል እንደ ቄስ ሲደጋግምለት እሰማለሁ። ደንበኛ አንድ በአንድ ሸሸ። ተው ብዬው ነበር። «አንዱ ቢሰማኝ ይበቃኛል» አለኝ፤ የሰማው መኖሩን ግን እንጃ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኢምባካሲ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ አብሬው እሄድ ነበር፣ ዕቃ ስለሚበዛበት። ስኳሩን፣ ዱቄቱን፣ ዘይቱን ተሸክመን የብረት ደረጃውን እንወጣለን። አውሮፕላን ከጣሪያው በላይ ሲያልፍ ወሬ ማቋረጥ ግድ ነው። ጋሽ ተስፋይ እዚያ ቤት የቀረበለትን ሁሉ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሁለተኛ ሲሉትም እምቢ አይልም። የበሩን ቁልፍ ይጠግናል፣ አምፖል ይቀይራል፣ ከፍለው ፉንዲ፣ ማለት ጠጋኝ፣ እንዳይጠሩ ብሎ ቧንቧቸውን ራሱ ይፈታል። እትዬ ለተብርሃን በጨዋ ደንብ ያስተናግዱታል። ጨዋነታቸው ከስድብ ይከፋ ነበር።

ሊወጣ ሲል፣ በር ላይ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ብሎ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃቸዋል።

«ለተብርሃን፣ ተቀይመሽኛል?»

«ኧረ አልተቀየምኩህም፣ ተስፋይ። ሥራህን ነው የሠራኸው። በደህና ግባ።»

ቀና ብሎ አያያቸውም። ደረጃውን ይወርዳል፤ ማታቱ ውስጥ ገብተን፣ ረዳቱ ጮሆ ጮሆ ሲደክመው፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ «ውሸቷን ነው» ይላል። ሁልጊዜ። አንድ ቀን ቢመረኝ «በምን አወቅህ?» አልኩት። «ስንት ዓመት ያንኳኳሁ ሰው ነኝ። ባዶ ግድግዳ ድምፁ ይታወቃል» አለኝ።

እየቀጠነ ሄደ። በሽታው ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም፤ ለኔም የነገረኝ ሆስፒታል ሲተኛ ነው። አልጋው ላይ ሆኖ እንኳ አጠገቡ የተኛው ሰው ሊገዛ ያሰበውን ቦታ ወረቀት ሲያነብለት ደርሼበታለሁ። የመጨረሻውን ቅዳሜ ኢምባካሲ የሄደው ከሐኪም አምልጦ ነው ብል አልዋሸሁም። ደረጃውን እኔ ደግፌው ወጣ። ሲወርድም ያንኑ ጠየቀ፤ እሳቸውም ያንኑ መለሱ። በመልስ ጉዞ ራሱን መስታወቱ ላይ ጥሎ «ውሸቷን ነው፣ ጓለይ። አልፈርድባትም» አለኝ።

ከዚያ ሁለተኛ አልተነሣም። አንድ ማለዳ ሆስፒታሉ የደወለው ለኔ ነው፤ የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ የኔን ስም አስጽፎ ኖሯል። ለቤተ ክርስቲያኑ ተነገረ፣ ለአቶ መኮንን ተነገረ፣ ሰዉ ሁሉ በስልክ መልእክት ተቀባበለው። እትዬ ለተብርሃንን ማንም አላስታወሳቸውም። ከዚያ ቤት ከወጡ ወዲህ የሰዉ ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። ጠዋቱን እኔው ሄድኩ።

በሩን ከፍተው ጥቁር ልብሴን ሲያዩ አልጠየቁኝም። «ተስፋይ ነው» አሉ። አዎ አልኳቸው። አላለቀሱም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አጠገቡ ማን ነበር?»

«ነርሷ።»

አውሮፕላን አለፈ፤ እስኪርቅ ጠበቁ። ከዚያ እኔን ሳያዩ፣ እጃቸውን እያዩ ተናገሩ።

«መጀመሪያ ላይ ውሸቴን ነበር የምለው። አልተቀየምኩህም ስለው ማለቴ ነው። አንጀቴ እያረረ ነበር። ሪፖርት ስለጻፈ አይደለም፤ ሲገለብጡት አይቶ ዝም ስላለኝ ነው። አይቼዋለሁ እጁን ሲያነሣ። ለሁለት ዓመት ያህል እየዋሸሁ ሸኘሁት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቧንቧዬን ሲጠግን ጀርባውን አየሁት። ሸሚዙ ሰፍቶት፣ አጥንቱ ወጥቶ። ይህ ሰው ከበርሄ ሞት ወዲህ ሌላ ወገን የለውም አልኩ። ያን ዕለት ወጣልኝ። ሁሉም ነገር ከሆዴ ወጣ። ሲሄድ ያችኑ ጠየቀኝ፣ ያንኑ መለስኩለት። ያን ዕለት እውነቴን ነበር። ከዚያ ወዲያም እውነቴን ነበር። ግን በምን ይወቀው? ቃሉ ያው ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ አብረሽው ትመለሺ ነበር። ያምነኝ ነበር?»

ለሐዘንተኛ እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ማንም ሰው «አዎ» ይል ነበር። ግን የሞተው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሰው ደስ እንዲለው ብሎ የማይጽፍ ሰው ነው፣ ጠያቂዋም የሚሸነገሉ ሴት አይደሉም።

«አያምንም ነበር» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ጎረቤቶቹ ደንግጠው በር እስኪያንኳኩ ድረስ አለቀሱ፤ ለባላቸው እንኳ እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየሁም። አንዲት ኬንያዊት ጎረቤት «ፖሌ፣ ማማ»፣ አይዞሽ እናቴ፣ እያለች ትከሻቸውን ይዛ ቆመች። ትንሽ ቆይተው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ የማታቱ ሳንቲማቸውን ፈልገው ያዙና «በይ እንሂድ» አሉኝ።